ምስጋና የከበደው ሥራ አስኪያጅ

ድሮ ሥራ ፈላጊ ማለት አንገቱ የረዘመ ሰው ነበር። ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ፣ ከፊቱ በተደረደረው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ፣ ዝናብ ያበላሸውን ወረቀት ሲያነብ ስለሚውል አንገቱ ቢረዝም አይፈረድበትም። የዛሬው ሥራ ፈላጊ ግን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚውለው፤ ስልኩ ላይ። መሄድ የለ፣ መንጠራራት የለ፣ ሥራው ራሱ እየመጣ ኪሱ ውስጥ ይንጫጫል። «እንኳን ደስ አለዎት! ተመርጠዋል!» ይላል። ማን መረጠኝ? ከእነማን መካከል? ምኔን ዐይቶ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ብዙ ጊዜ ሳይመረጥ የቆየ ሰው፣ የተመረጠ ዕለት መራጩን መመርመር ነውር ይመስለዋል። እናንተም ብትሆኑ እንደዚያው ናችሁ፤ አትሸንግሉኝ።

ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ከእንጀራዬ የተነሳ ነው። ደብረ ታቦር ላይ አንዲት ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ አሳምራለሁ፣ ዲግሪ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። የከተማው ሥራ ፈላጊ ሁሉ በእኔ ደጅ ያልፋል። አንዳንዱንማ ዲግሪውን ኮፒ ሳደርግለት ከመክረሜ የተነሳ ውጤቱን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የወለደችው እናቱ እንደ እኔ አታውቀውም። አንድ ወዳጄ «አንተ'ኮ የሥራ አጥ ባላባት ነህ» ይለኛል። እውነቱን ነውና እኔም አብሬው እስቃለሁ።

አትጠገብ ግን ደንበኛዬ ብቻ አይደለችም፤ የእህቴ ልጅ ናት። በሂሳብ አያያዝ ተመርቃ ከዩኒቨርሲቲ ስትወጣ፣ ወላጆቿ ከገሳይ ወዲህ ባለው መንደራቸው በግ አርደው መርቀው ወደ እኔ ቤት ላኳት። «ሥራ እስክታገኝ» ተብሎ ነበር። ፈለገች። ተፈተነች። «እንደውልልሻለን» ተባለች። ይህን ቃል ከሰማችበት ቀን ጀምሮ ስልኳ ከእጇ አይወርድም፤ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ እንኳ ድምፁን ብቻ ነው የምታጠፋው። ከሁሉ የባሰባት ግን የዘመድ ጥያቄ ነው። ክርስትና ይሁን ተዝካር፣ ገና በደጃፍ ስትገባ «ሥራ አገኘሽ?» ነው፤ እንዴት ሰነበትሽ ቀርቷል። ቆይታ ድግስ መሄድ ተወች። ድግስ የሚሸሽ የፋርጣ ሰው ካያችሁ ነገሩ እንደጠና ዕወቁ። ልጅቱ እያየኋት ሟሸሸች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን፣ ኮፒ ቤት ቁጭ ብላ ወረቀት ስታስተካክልልኝ ስልኳ ጮኸ። አየችው። ተነሥታ ጮኸች። እኔም ምን እንደሆነ ሳላውቅ አብሬ ጮኽሁ። ሁለታችንም ከጮኽን በኋላ መልእክቱን ተቀብያት አነበብኩት፣ ደስታዬም በግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ዓለም አቀፍ ነኝ የሚል ድርጅት አዲስ አበባ ላይ የሂሳብ ሠራተኛ አድርጎ ቀጥሯታል። ፈተና የለም። ቃለ መጠይቅ የለም። ደመወዙን የከተማችን ከንቲባ ቢያየው ወንበሩን ለቆ ይወዳደር ነበር። ነገር ግን የሥልጠናና የመድን ተብሎ አስቀድማ ትከፍላለች፤ ከመጀመሪያው ደመወዟ ጋር ይመለስላታል ይላል። ክፍያው ደግሞ የሚገባው በድርጅቱ ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ ነው። እስከ ነገ ከሰዓት ካልገባ ዕድሉ ለተጠባባቂ ያልፋል። «ይህን ጉዳይ ለማንም እንዳያጋሩ» የሚልም አለበት። እኔ ማመልከቻ ስጽፍ ነው ያረጀሁት፤ ቀጣሪ ደመወዝ ሲከፍል እንጂ ከተቀጣሪው ሲለቅም አላየሁም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባላል። ይህችኛዋ ላም ግን ሳትታይ የሣር ታስከፍላለች።

ነገርኳት። ያውም አለሳልሼ። «አትጠገብ፣ ይሄ ነገር ችኮላው አላማረኝም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል…» ከማለቴ ፊቷ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ አያሟርቱብኝ!»

አለቀ። በእኛ አገር ከሌባ ይልቅ ሟርተኛ ይፈራል። ሌባ የሚወስደው ያለህን ነው፤ ሟርተኛ ገና ያልመጣልህንም ይወስድብሃል። አዝመራው አምሮ ሳለ «በረዶ እንዳይመጣ» ያለ ሰው፣ በረዶው ሲመጣ «ልክ ነበርክ» የሚለው እንዳይመስላችሁ፤ «አንተ ነህ የጠራኸው» ነው የሚባለው። ስለዚህ ብልህ ሰው ገደሉን እያየም አፉን ይይዛል። ተስፋ የቆረጠችን ልጅ፣ ተስፋ ባገኘች በዚያው ቀን መምከር ደግሞ የጉናን ተራራ በትከሻ ከመግፋት አይተናነስም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው። እኔ አፌን ስይዝ እሷ ለአባቷ ደውላ ጨርሳለች።

አባቷን አያ ሙላትን ላስተዋውቃችሁ። የእህቴ ባል ናቸው፤ በዕድሜም ብዙ ይበልጡኛል። ገበሬ ናቸው፣ ገብስና ስንዴ የሚያርሱ፣ ቁጥብ፣ ጨዋ ሰው። አንድ አመል ብቻ አለባቸው፤ ካመሰገኑ አያቆሙም። ምክሬን ስሙኝና ለአያ ሙላት ውለታ አትዋሉላቸው። አንድ ጊዜ የጠፋች ጊደራቸውን ነድቶ ያመጣላቸው ሰው ነበር፤ እስከ ዛሬ መስቀል በመጣ ቁጥር አንድ ቁና ገብስ ይደርሰዋል። ሰውዬው አፍሮ «ኧረ አያ ሙላት ይብቃ» ቢላቸው፣ «ታዲያ ጊደሯን አላመጣህልኝም ነበር?» ይሉታል። ጊደሯ ወልዳ፣ አርጅታ፣ ሞታለች። ምስጋናው ግን እንደ ጤነኛ ሰው እየተራመደ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኮፒ ቤቴን ልከፍት ስመጣ በሬ ተቀበለኝ። ቦራ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት የአያ ሙላት በሬ፣ ከመብራት ምሰሶው ጋር ታስሮ የእኔን የዋጋ ዝርዝር ይልሳል። አያ ሙላት አጠገቡ ቆመዋል። የንስሐ አባታቸው መምሬ አስናቀም ለቤተ ክርስቲያን ጧፍና ዘቢብ ሊገዙ አብረው ወርደው፣ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። ዶሮ ሲጮህ ተነሥተው በሬውን እየነዱ የመጡት ሸጠው የልጃቸውን ክፍያ ሊከፍሉ ነው። እህቴም ለአትጠገብ ስንቅ ብላ በሶና አንድ ገንቦ ማር ልካለች።

በሬ አንድ ሲሆን በሬ አይደለም። ጥማድ የሚባለው ሁለት ሲሆን ነው። አንዱን የሸጠ ገበሬ እንደሱ ባለ አንድ በሬ የሆነ ጎረቤት ፈልጎ መቀናጆ ይገባል፤ አንድ ቀን የዚያን፣ አንድ ቀን የዚህን እየተፈራረቁ ያርሳሉ። ዝናብ ግን ተራ አይጠብቅም። አያ ሙላት ዕድሜ ልካቸውን በገዛ ጥማዳቸው ያረሱ ሰው ናቸው። አሁን በስተርጅና፣ ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ለሌለ ሥራ ብለው የሰው በሬ ሊለምኑ ነው። 

«አያ ሙላት፣ በሬውን እንኳ ለሌላ ገበያ ቢያቆዩት…» አልኩ።

«አታሟርት!» አሉኝ ሳልጨርስ። ልጅቱ አስቀድማ ነግራቸዋለች።

ገባን፣ ተቀመጥን። አያ ሙላት ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ምስጋናቸውን ጀመሩ። «እንዲህ ያለ ሰው አለ? አያውቃት፣ አታውቀው! አማላጅ አልላክን፣ ዘመድ የለን! ተመስገን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!» እኔ ደግሞ ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ከሚሉት ወገን ነኝና ጥርሴን ነክሼ እሰማለሁ። ታዲያ እንዲህ እየሰማኋቸው ሳለ ነው መላው ብልጭ ያለልኝ። ሟርት ነው እንጂ የተከለከለው፣ ምስጋናን ማን ይከለክላል?

«ልክ ነዎት፣ ተመስገን ነው» አልኩ። «ግን አያ ሙላት፣ እንዲህ ያለውን ሰው ሳያመሰግኑት ነው ልጅዎን የሚልኩለት? ያለ አደራ?»

አያ ሙላት ጋቢያቸውን የያዘው እጃቸው ቆመ። መምሬን አዩ። መምሬም እሳቸውን አዩ።

«ወይ ጉዴ! ሰው ሊታዘበን ነበር'ኮ!» አሉ አያ ሙላት።

ልጅ ያለ አደራ አይሰጥም። ልጁን ለተማሪ ቤትም ሆነ ለሰው ቤት የሚሰጥ አባት፣ እጇን ይዞ ሄዶ፣ የሚቀበለውን ሰው ፊት ለፊት አይቶ፣ «እንግዲህ አባቷ አንተ ነህ፤ አደራ በምድር አደራ በሰማይ» ብሎ ነው የሚመለሰው። ምስጋናም ቢሆን ፊት ለፊት ይሰጣል እንጂ በወሬ አይላክም። ባዶ እጅም አይኬድም፤ ለስንቅ የመጣው ማር ወዲያው መተያያ ሆነ። አትጠገብ «አባዬ፣ ኧረ በከተማ እንዲህ አይደረግም፣ ይስቁብኛል» ብላ ተከራከረች። ማን ሰምቷት። ቁጥሩን ደወለችና ሁላችንም እንድንሰማ ስፒከሩን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሄሎ፣ ሥራ አስኪያጁ ነኝ» አለ አንድ የወጣት ድምፅ።

አያ ሙላት ቆባቸውን አወለቁ። በስልክ መሆኑን ያወቁት አይመስለኝም። ስለ ጤናው ጠየቁት፣ ስለ ቤተሰቡ ጠየቁት፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁት፣ ከብቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቁት። ከብት የለኝም አለ። ከልባቸው አዘኑለት። ከዚያ ወደ ነገራቸው ገቡ። «እርስዎን ሳናመሰግን ልጃችንን ብንልክ ነውር ነው። ዛሬውኑ ተሳፍረን እንመጣለን፤ ትንሽ ማርም ይዘናል። ቢሮዎ ወዴት ነው የኔ ጌታ?»

«ኧረ አያስፈልግም አባባ! ክፍያውን ብቻ ካስገቡ በቂ ነው።»

አያ ሙላት ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው «አየህልኝ ጨዋነቱን?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ደጋችንን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ላስረዳው። በእኛ ዘንድ በመጀመሪያው ጥሪ እሺ ያለ ሰው ስድ ነው። «ብላ» ሲባል «ጠግቤያለሁ»፣ «ግባ» ሲባል «እቸኩላለሁ» ይባላል። ጋባዡም ያንን ሰምቶ አይለቅም፤ እጅ ይዞ፣ በአባትህ፣ በሞቴ ብሎ ያስቀምጣል። አያስፈልግም ማለት «ገና አልለመናችሁኝም» ማለት ነው። ስለዚህ ያ ሰውዬ በሸሸ ቁጥር፣ በአያ ሙላት ዓይን ይሉኝታው እየገነነ፣ ሰውነቱ እየከበረ ሄደ።

«ሥራ ይበዛብናል» አለ። በምሳ ሰዓትዎ እንደርሳለን አሉት። «እንግዳ አናስተናግድም» አለ። ደጅ ቆመን መርቀንዎት እንመለሳለን አሉት። «እ… ቢሮ እየቀየርን ነው» አለ። ይህን ባይል ይሻለው ነበር። አያ ሙላት ፊታቸው በራ።

«ታዲያ ሰው ያስፈልግዎታላ! ከመንደር ጎረምሳ ሰብስቤ እመጣለሁ፣ ዕቃውን በአንድ ቀን ነው የምናነሣልዎ! ደቦ ነው፣ ምንም አንፈልግም!»

«አይ! አይ አባባ… እኔ ራሴ አሁን አዲስ አበባ አይደለሁም። መስክ ወጥቻለሁ። ባሕር ዳር ነኝ።»

ጉድ በል ጎንደር! ከአገሩ ከተማ ሁሉ መርጦ ባሕር ዳርን አመጣው። ባሕር ዳር ማለት ከእኛ ዘንድ በሐሙሲት በኩል ሚኒባስ ተይዞ ለምሳ የሚደረስበት ነው። አያ ሙላት «መምሬ፣ ጃንጥላዎን ይያዙ!» ብለው ብድግ አሉ። ስልኩ ውስጥ አንድ የጭንቅ ትንፋሽ ተሰማ። መንገድ ላይ ነኝ፣ አሁኑኑ ልመለስ ነው፣ መኪናው ተነሥቷል አለ። እኔ በሕይወቴ ከአበዳሪ የሚሸሽ፣ ከፖሊስ የሚሸሽ ሰው አይቻለሁ። ከአመስጋኝ የሚሸሽ ሰው ያን ቀን አየሁ፤ ከሁሉም የእሱ ይብሳል፣ የሚደበቅበት የለውምና።

እኔ ግን ዓይኔ አትጠገብ ላይ ነበር። መጀመሪያ ከእፍረቷ ብዛት ቀልታ ነበር። ቢሮው ሲቀየር ቅንድቧ ተሰበሰበ። ባሕር ዳር ሲባል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አተኩራ አየችው፤ ያው ሰውዬ በዋዜማው «ነገ ሙሉ ቀን አዲስ አበባ ቢሮዬ ውስጥ ሆኜ ክፍያሽን እጠብቃለሁ» ብሎ ጽፎላታል። የሂሳብ ሰው ናት፣ አልደመረላትም። ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ጠጋች።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ የሚመሰገንበት ቦታ የለውም እንዴ?»

 እኔ ብነግራት ሟርት ነው፤ ራሷ ካገኘችው ግን ማንም አይነጥቃትም። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ስልኩን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች። መምሬ አስናቀ ግን ቀድመዋት ስልኩን አንሥተው እንደ መስቀል ከፊታቸው ይዘውታል።

«ልጄ» አሉት፤ እሳቸው ለሁሉም ልጄ ነው የሚሉት። «እኔ የእኚህ ሰው የንስሐ አባት ነኝ። በአካል መገናኘቱ ካልሆነ በጸሎት እንገናኛለን። የክርስትና ስምህን ንገረኝና በቅዳሴ ላስብህ።»

ሰውዬው ለሥራ አስኪያጅነት የሚሆን ስም አዘጋጅቷል፤ ለባንኩም ሌላ ስም አዘጋጅቷል። ለጸሎት የሚሆን የሐሰት ስም ግን አላዘጋጀም።

«ልጄ፣ አለህ?»

«ኃይለ ገብርኤል» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር፤ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ አልነበረም።

አያ ሙላት ይህን ሲሰሙ አልቻሉም። አንቱታውም እዚያው ቀረ፤ ምርቃት አንቱ አያውቅም። «ኃይለ ገብርኤል! እግዜር ይስጥልኝ! ለልጄ እንደ ደረስክላት በጭንቅህ ቀን ይድረስልህ! ያሳደገችህ እናት ትባረክ! ወጥተህ ግባ! እንደ ሥራህ ይክፈልህ!» እንደ ሥራህ ይክፈልህ ሲሉ እኔና አትጠገብ ተያየን። እሳቸው ግን ከአንጀታቸው ነው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ደጅ የታሰረው ቦራም ገበያ የሚወርዱትን ከብቶች አይቶ ኖሮ ረዥም አድርጎ እምቧ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ሰውዬው።

«በሬዬ ነው ልጄ። ለክፍያው ላወጣው ነው። ጓደኛው ብቻውን ቀረ እንጂ ምን አለበት፣ እኔም እንደ ምንም መቀናጆ እገባለሁ። ልጄ እንዳንተ ካለ ሰው እጅ ከገባች በሬ ምኔ ነው?»

በስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ ሰው ሲያልፍ ይሰማል።  አልዘጋም።

«አባቴ» አለ በመጨረሻ። «በሬውን አይሽጡት።»

ከዚያ ጠፋ። ደግመን ደወልን፣ ዝግ ነው። መልእክቱ የመጣበት የስልክ ቻናልም ከሰዓት በኋላ ቢፈለግ የለም።

አያ ሙላት ደስታቸው ልክ አጣ። «ማረኝ! ሰማችሁ? ክፍያውን ማረኝ! ያለ ክፍያ ቀጠራት!» ብለው መምሬን አቀፉ። ያን ጊዜ ነው አትጠገብ ከአባቷ እግር ሥር ቁጭ ያለችው። «አባዬ፣ ሥራ የለም። ሰውዬው ሌባ ነው። በእኔ ተስፋ የአንተን በሬ ሊበላ ነበር። ጋሼ ነግረውኝ ነበር፣ አልሰማ ብዬ ነው» ብላ ጉልበታቸውን ይዛ አለቀሰች። ክፍያው ለምን አስቀድሞ እንደተጠየቀ፣ ቢሮው ለምን እንዳልተገኘ፣ ለማንም አትናገሪ ለምን እንደተባለች አንድ በአንድ ነገረቻቸው። 

አያ ሙላት ውጭ የቆመውን ቦራን አዩት። ከዚያ እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ አደረጉ። አልተቆጧትም።

«ሌባ ከሆነ» አሉ፣ «ታዲያ ምነው በሬውን ተወልኝ?»

 መምሬ አስናቀም ጃንጥላቸውን አንሥተው፣ ስሙን ነግሮናል፣ እኛም ቃል ገብተናል፣ በቅዳሴ ይታሰባል አሉ። «የሌባ ስም መምሬ?» አልኳቸው ተገርሜ። «ፈያታዊ ዘየማንስ ምን ነበር?» አሉኝ። በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ ማለታቸው ነው።  ማሩን እዚያው በዳቦ በላነው፣ ቦራም ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ የዚያን ቀን ጅራቱን እየወዘወዘ ሲሄድ ከኋላው ቆሜ ተመስገን ያልኩት፣ ዲግሪዬን የያዝኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አላልኩም። የእህቴ ቤት ሳይጎድል ቀረ፤ ልጅቱም ከጉድጓዱ አፋፍ በገዛ እግሯ ተመለሰች። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ወር ሳይሞላ ገሳይ ከተማ ላይ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የሂሳብ ሠራተኛ ፈለገ። ፈተና አለው። ቃለ መጠይቅ አለው። ደመወዙ ከንቲባ ቀርቶ ዘበኛም አያስቀናም። ተያዥ አምጪ ተባለች፣ እኔ ተያዥ ሆንኩላት። ገና ውጤቱ ሳይነገር አትጠገብ ራሷ ለኃላፊው ደውላ «አባቴ ሊያመሰግንዎ ይመጣል፣ ቢሮው የት ነው?» ብላ ጠየቀች። «ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ነው፣ ይምጡ፤ ግን ገና አልቀጠርንሽም'ኮ» አላት። በዚያች መልስ እውነተኛ መሆኑን አወቀች። ከተቀጠረች በኋላ አያ ሙላት ሄደው አመሰገኑ፤ ማኅበሩ በዚያ ቀን ሥራ እንዳልሠራ ሰምቻለሁ። አሁን እኔም ብልሃቷን ወስጃለሁ። አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ «ተመረጥኩ» ብሎ ኮፒ ቤቴ ሲገባ አላሟርትበትም። እንኳን ደስ አለህ እለዋለሁ፤ «እስቲ ደውልና ወላጆቼ ሊያመሰግኑ ይመጣሉ በላቸው» እለዋለሁ። እውነተኛው ቀጣሪ ቢበዛ «ማር አታምጡ» ይላል። ሌላው ስልኩን ይዘጋል። ብዙ ልጆች ከእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስልክ ሲዘጋባቸው አይቻለሁ፤ አልቅሰው፣ ኋላ መርቀውኝ ሄደዋል።

ሰኔ ላይ አትጠገብንና እህቴን ልጠይቅ ወደ መንደር ወጣሁ። አያ ሙላት ለገብስ ሲያርሱ ደረስኩ። ቦራና ጓደኛው ጎን ለጎን ሆነው ጥቁሩን አፈር ይገለብጣሉ፣ እኔና አትጠገብ ከዳር ቆመን እናያለን። የአትጠገብ ስልክ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው፤ መልእክት ልኳል። አንብባ ለእኔ ሰጠችኝ። «አባትሽ በሬውን አልሸጡትም አይደል?» ይላል።

«እንዳትመልሺ!» አልኳት። ይህን ለእናንተም እመክራለሁ፤ የማታውቁት ቁጥር ሲጽፍላችሁ አትመልሱ፤ አንድ ቃል የመለሰ ሰው በር እንደከፈተ ነው። አያ ሙላት ግን በሬዎቹን አቁመው «ምንድን ነው?» አሉ። ነገረቻቸው። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «መልሺለት» አሏት።

እኛ መለስን። እሳቸው እያሉ፣ እሷ እየጻፈች። «አልሸጥኩትም፣ ይኸው እያረስኩበት ነው በይው። መምሬ ስምህን በየቅዳሴው እያነሡልህ ነው በይው። እናትህን ጠይቃት በይው። የጀመርከውን ነገር ደግሞ ተወው በይው። እግዜር ይስጥልኝ በይው።» ላከችው። ለአንድ ትልም ያህል ምንም አልመጣም። አያ ሙላት እስከ ማሳው ጫፍ አርሰው፣ በሬዎቹን አዙረው ሲመለሱ ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኸ። አንዲት ቃል ናት።

«አሜን።»

እኔ የሰው ማስረጃ ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝ፤ ማኅተሙን በብርሃን አያለሁ፣ ፊርማውን አስተያያለሁ። ያንን አሜን ግን በምን እንደማጣራው አላወቅሁም፤ እስከ ዛሬም አላወቅሁም። ስልኩን ለአትጠገብ መለስኩላት። አያ ሙላት «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ፣ ነገረቻቸው፣ «ተመስገን» አሉና ጅራፋቸውን አጮኹ።